ጠቢብና ጠይብ
ስለ መደነቅ፣ ስለ ዕለታዊ ሥራና ስለ ኪነ ጥበብ

ሰው በየዕለቱ የሚያየውን ነገር አያይም። አነጋገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ለማስረጃው ግን ሩቅ መሄድ አያሻም። ዕድሜውን ሙሉ ከጀበና ሲቀዳለት የኖረ ሰው የጀበናው አንገት ከሆዱ ጋር እንዴት ተጣጥፎ እንደሚገናኝ፣ ጆሮው ከየት ተነሥቶ ከየት ላይ እንደሚያርፍ በእርሳስ ንደፍ ቢባል እጁ ይያዛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የማይተርት ተናጋሪ የለም፤ ድር ሲደራ አጠገቡ ቆሞ የተመለከተ ግን ጥቂት ነው። ምሳሌው በአፍ ሲመላለስ ድሩ ራሱ ከዓይን ጠፍቷል። የልማድ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ነገሩን ከቦታው ሳያነሣ መልኩን ይሰርቃል።

ይህን ጠባይ ከሥነ ጽሑፍ አኳያ አጥብቀው ከመረመሩት አንዱ ሩሲያዊው ሐያሲ ቪክቶር ሽክሎቭስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው መጣጥፍ የኪነ ጥበብ ሙያ የተለመደውን ነገር እንደ እንግዳ አድርጎ በማቅረብ የደነዘዘውን ስሜት ማንቃት መሆኑን ተከራክሯል። ከእርሱ እጅግ አስቀድሞ አሪስጣጣሊስ ሰው መፈላሰፍ የጀመረው በመደነቅ መሆኑን ጽፏል። ሁለቱ አሳቦች ሲገናኙ ኪነ ጥበብና ዕውቀት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን ያመለክታሉ፤ ምንጩም በእጅ ያለውን ነገር እንደ አዲስ አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መደነቅ ምንጊዜም በጎ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ ይደነቅ ብሎ መስበክ ነገሩን ሳይመረምሩ ማለፍ ይሆናል። መደነቅ ልብን እንደሚከፍት ሁሉ ሊዘጋም ይችላል። ስለሆነም ኪነ ጥበብ በዕለታዊ ኑሮና በሥራ ውስጥ የመደነቅን ስሜት ያሳድግ ሲባል፣ የትኛው መደነቅ እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ተገቢ ነው።

ግሩምና ተአምር

ለዚህ ልዩነት ቋንቋው ራሱ ምስክር ነው። ዛሬ «ግሩም ነው» ሲባል መልካም ነው፣ ውብ ነው ማለት ነው። በግእዝ ግን ገረመ አስፈራ፣ አስደነገጠ ማለትም ነው፤ «ግርማ» የሚለው ቃል የሚወጣው ከዚሁ ሥር ነው። በግሩም ነገር ፊት የቆመ ሰው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ራሱን ይከልላል።

በሌላው ወገን ደግሞ «ተአምር» አለ። የዚህ ቃል ሥር አእመረ ነው፤ አእመረ ማለት ዐወቀ ማለት ነው፤ አእምሮም የተገኘው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ተአምር በመነሻው ምልክት፣ ማወቂያ ነው። ሰው በተአምር ፊት ሲቆም ቀረብ ብሎ ምልክቱን ማንበብ ይጠበቅበታል።

መደነቅ እነዚህ ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው ከመደነቅ ወደ ፍርሃት፣ ከፍርሃትም ወደ ንቀት ይወስዳል። ሁለተኛው ከመደነቅ ወደ ጥያቄ፣ ከጥያቄም ወደ ዕውቀት ያደርሳል። በአገራችን የሥራ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው መንገድ ምን ያህል እንደተሄደበት ለማየት የአንዲት ቃል ዕጣ መከተል ብቻ ይበቃል።

የአንድ ቃል ሁለት ልጆች

ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ብልኅ፣ ጥበብን ገንዘቡ ያደረገ ሰው ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ጠቢብ ተብሏል። ጥበብ የሚለው ቃል በአማርኛ ሰፊ ቤት አለው፤ ኪነ ጥበብ ሲባል ይገኛል፤ በሸማ ጠርዝ ላይ በሽመና የሚጣለውም የቀለም ሥራ ጥበብ ይባላል። ቋንቋው የሊቁን ዕውቀትና የሸማኔውን እጅ በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯል ማለት ነው። ነገር ግን ከዚያው ከጠቢብ የወጣ ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም ጠይብ ነው። ጠይብ ብረት ቀጥቃጩ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ በብዙ ሰው አፍ ደግሞ ቡዳ ማለት ሆኖ ኖሯል። አንድ ቃል ሁለት ልጆች ወልዶ አንደኛው ከሊቃውንት ጉባኤ ሲቀመጥ ሁለተኛው ከመንደር ዳር ተጣለ።

የዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ባለ እጁ ርስት አልነበረውም፤ ርስት የሌለውን መናቅም ለባለ ርስቱ ሥርዐት የሚጠቅም ነበር። ይሁንና ይህ ንቀት ራሱን የሸሸገው በመደነቅ ልብስ ውስጥ ነው። ጥላሸት በለበሰ ጎጆ ውስጥ ወናፍ ሲነፋ፣ ከሰሉ ሲፋፋም፣ ጥቁሩ ብረት ቀልቶ ሲለዝብ፣ በጉጠት ተይዞ በመስፍ ላይ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ፣ ማረሻ ወይም ማጭድ ሆኖ ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚያሰማው ጩኸት በእርግጥ ያስደንቃል። ገበሬውም ተደንቋል። የተደነቀበትን ግን አልጠየቀም። ቀጥቃጩ የብረቱን ሙቀት ከቀለሙ እንዴት እንደሚያነብ፣ መቼ እንደሚመታና መቼ እንደሚተው፣ የጋለው ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ለምን እንደሚጠነክር ሳይጠይቅ «ይህስ የሰው ሥራ አይደለም» አለ።

ሥራው የሰው ካልሆነ ሠሪው ሰው አይደለም። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ አጭር ነው። ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ፤ በዓይኑ ይበላል ተባለ፤ ለልጅ ክታብ ታሰረ፤ ከእርሱ ጋር መብላትና መጋባት ነውር ሆነ። ሲነጋ ግን ያው ገበሬ የዶለዶመ ማረሻውን ይዞ ወደዚያው ጎጆ ይሄዳል። እርሻው ሞፈርና ቀንበር፣ ድግርና እርፍ ቢኖረውም ማረሻ ከሌለው መሬቱ አይከፈትም። የሚበላው እንጀራ መነሻው የናቀው እጅ ነው፤ የሚጋገርበትም ምጣድ የፈራት ሴት ያለ መሽከርከሪያ በመዳፏ አለስልሳ፣ በእሳት አጠንክራ የሠራችው ነው።

በጎንደርና በአካባቢው የነበሩ የቤተ እስራኤል ወገኖች ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ወንዶቹ በብረትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ቀን የእጃቸውን ሥራ ሲገዙ፣ ሌሊት ስማቸውን እየጠሩ ልጆቻቸውን ያስፈራሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ኋላም በ1991 እጅግ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በ1991 ግንቦት ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ 14,000 ያህል ሰዎች በአውሮፕላን ተጓጓዙ። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ እስከ ዛሬ የምትታወቀው እነዚያ እጆች ባስለመዱት የሸክላ ሥራ ነው። የሚፈሩት ሰዎች ከሄዱ በኋላ የቀረው ጭቃውን ቅርጽ ያስያዘው ዕውቀታቸው ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ በዘመኑ ታላቅ ነገር ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅም የባለ ርስትነትን ሥርዐት ሲሽር፣ ንቀቱ ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱን አፍርሷል። ሆኖም ሕግ አንደበትን ይገታል እንጂ ዓይንን አያስተምርም። ስድቡ ሲከለከል ባለ እጁ ከመሰደብ ይድን ይሆናል፤ መታየትን ግን ገና አላገኘም። ጠይብን መልሶ ጠቢብ የሚያደርገው ሥራውን ቀርቦ ያየ፣ ያየውንም ለሌላው ያሳየ ሰው ነው። የኪነ ጥበብ ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሽንኩርቱና ገዥው

ይህን ድርሻ በዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ማን እንዴት እንደተወጣው ለመመርመር የቺሊውን ገጣሚ የፓብሎ ኔሩዳን ሥራ ያህል የሚጠቅም ምሳሌ ጥቂት ነው። ኔሩዳ እ.ኤ.አ. በ1954 «የመሠረታዊ ነገሮች መወድስ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን መድበል አሳተመ፤ በ1956 እና በ1957 ሌሎች ሁለት አስከተለ። መወድስ ከጥንት ለንጉሥ፣ ለጀግና፣ ለአማልክት የሚቀርብ የግጥም ዓይነት ነበር። ኔሩዳ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲም፣ ለዳቦ፣ ለጨው፣ ለክር፣ ለካልሲ አቀረበው።

ከግጥሞቹ ይልቅ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው የወጡበት ስፍራ ነው። በካራካስ ይታተም የነበረው «ኤል ናሲዮናል» ጋዜጣ በየሳምንቱ እንዲጽፍለት በጠየቀው ጊዜ፣ ገጣሚው ሥራው በሥነ ጽሑፍ አምድ ሳይሆን በዜና ገጾች መካከል እንዲወጣ ጠይቆ እንደተስማማ በትዝታ መጽሐፉ ገልጿል። ይህ ቅድመ ሁኔታ ራሱ ሒስ ነው። ሽንኩርት ዜና ነው ማለት ነው፤ ዛሬ የሆነ፣ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው ማለት ነው። ስንኞቹም እጅግ አጫጭር ናቸው፤ እንደ ጋዜጣ አምድ ጠበው ወደ ታች ይወርዳሉ። አንባቢው ከአንድ ቃል ወደ ሌላው ሲወርድ ዓይኑ መቸኮል አይችልም። ሽንኩርቱን ለመላጥ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ግጥሙን ለማንበብ ይፈጃል።

ስለ ጨው የጻፈው ግጥም የመድበሎቹን ዋና ምስጢር ያሳያል። በገበታ ላይ ያለችውን ጨው ሲያይ ገጣሚው የሚያስበው የአገሩን የአንቶፋጋስታን ምድረ በዳ ነው፤ ጨው የሚወጣበትን ስፍራ ስለሚያውቅ ጨዋ ጨውነቷን ብቻ ይዛ አትቀርብለትም። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ወደ ቤቱ መለስ ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ከአፋር የጨው ሜዳ የሚፈለጠው አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት የኖረ ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ከምድር እጅግ ሞቃት ስፍራዎች አንዱ ነው። በዚያ አካባቢ ጨው ፈላጩ ንጣፉን በእንጨት ፈንቅሎ፣ በመጥረቢያ አስተካክሎ፣ በግመል ጭኖ ወደ ደጋ ያወጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ወጥ ሲቀምስ ምላሱ ላይ የሚደርሰው ጣዕም ብቻ አይደለም፤ መንገድም ይደርሰዋል። የማያውቅ ሰው ግን «ጨው አነሰው» ብሎ ያልፋል። መደነቅን የሚያሳድገው ነገሩ ከየትና በማን እጅ እንደመጣ ማወቅ መሆኑን የጨው ግጥም በጥሩ ሁኔታ ያስረዳል።

ስለ ካልሲው የተጻፈው ግጥም ደግሞ ሌላ ቁም ነገር ይጨምራል። አንዲት ሴት በእጇ የሠራችው የሱፍ ካልሲ ለገጣሚው በስጦታ ይሰጠዋል። ውበቱ እጅግ ስለማረከው አስቀምጦ ሊያኖረው ይፈተናል፤ ሆኖም ፈተናውን ትቶ ካልሲውን ያጠልቃል። የተደነቁበትን ነገር ከአገልግሎቱ ለይቶ መስቀል የመደነቅ ፍጻሜ እንዳልሆነ በዚህ ይታያል። ካልሲው ውበቱ የሚሞላው እግር ሲያሞቅ ነው።

ነገር ግን ሒስ ምስጋና ብቻ አይደለምና የኔሩዳ ድክመት መታለፍ የለበትም። መድበል በመድበል ላይ ሲደረብ መደነቁ ራሱ ልማድ የሆነበት ጊዜ አለ። ሁሉ ነገር በእኩል ድምፅ ሲወደስ አንዱን ከሌላው የሚለየው መልክ ይደበዝዛል፤ አንዳንዱም ግጥም የምስል ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የከበደም አለ። የሽንኩርቱ መወድስ በወጣበት በዚያው በ1954 ገጣሚው «ወይኖቹና ነፋሱ» ሊባል የሚችል ሌላ መድበል አሳትሟል፤ በውስጡም ስለ ስታሊን ሞት የጻፈው የሐዘን ውዳሴ አለ። አንድ እጅ፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለቱን አወጣ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሽንኩርቱን ገጣሚው ልጦታል፣ ቆርጦታል፣ አብስሎታል፤ ገዥውን ያወደሰው ግን ከሩቅ፣ በግርማው ተውጦ ነው። የመጀመሪያው መደነቅ የተአምር ወገን ነው፤ ሁለተኛው የግሩም። ታላቅ ችሎታ ያለው ገጣሚ እንኳ መደነቁን ከማየት ሲነጥለው ቃሉ ባዶ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

የወይዘሮ ኩራዥ ቦርሳ

በቴአትር ረገድ ይህን ጉዳይ አጥብቆ ያሰበበት ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬሽት ነው። ብሬሽት እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ቴአትር ባዘጋጀው ጽሑፍ የጋሊሌዮን ምሳሌ ያነሣል፤ ሌሎች ሲወዛወዝ አይተው ያለፉትን የተንጠለጠለ መብራት ጋሊሌዮ እንደማያውቀው ነገር አየው፤ ከዚያም የውዝዋዜውን ሕግ ጠየቀ። ብሬሽት ተመልካቹም የራሱን ኑሮ በዚህ ዓይነት ዓይን እንዲያይ ይፈልጋል። የለመደው ኑሮ እንግዳ ሲሆንበት «ይህ እንዲህ መሆኑ ግዴታ ነውን?» ብሎ ይጠይቃልና።

በ1949 በበርሊን «እናት ኩራዥ» የተባለው ተውኔት ሲቀርብ ተዋናይቷ ሄለነ ቫይግል በወገቧ የታጠቀችው የቆዳ ቦርሳ ነበራት። በንግድ መካከል ገንዘብ በተቀበለች ቁጥር ቦርሳዋን ቀጭ አድርጋ ትዘጋዋለች። ቦርሳ መዝጋት ማንም ነጋዴ የሚያደርገው፣ ማንም የማያየው ተግባር ነው። በመድረክ ላይ ግን ያ ድምፅ የተውኔቱ ፍርድ ሆነ፤ በጦርነት የምትነግድ እናት ልጆቿን እያጣች ቦርሳዋን ትዘጋለች። እዚህ ላይ መደነቅ ወደ ውበት ብቻ እንዳልመራ፣ ኑሮን ለመጠየቅም እንዳገለገለ ማስተዋል ይገባል። ቫይግል የመድረክ ዕቃዎችን በጥንቃቄ ስትመርጥ የኖረች ተዋናይት ነበረች። በአገራችን መድረክ ላይ በአንጻሩ ዕቃ ብዙ ጊዜ የቦታ ምልክት ብቻ ነው፤ ሞሰብ ካለ የባላገር ቤት ነው፣ ስልክ ካለ የከተማ ቤት ነው። ሞሰቡን የሚከፍተው እጅ እንዴት እንደሚከፍተው፣ ስንት ሰው እንደሚጠብቅ፣ ውስጡ ያለው እንጀራ ይበቃ እንደሆነ ተዋናዩ በእጁ እንዲናገር ሲደረግ ማየት ብርቅ ነው።

ቀጥ ብሎ የቆመው አጫጅ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው ዘመን ሥራና ሠራተኛ ከመቼውም ይልቅ ተወድሰዋል። መዶሻና ማጭድ በሰንደቅ ላይ ወጡ፤ በመዝሙር ተዘመሩ፤ በግድግዳ ተሣሉ። ለዘመናት ስሙ በክብር ያልተነሣ ሰው በአደባባይ መጠራቱ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ይህም ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ጉድለቱ የታየው በአወዳደሱ ነው። ማጭድ የሚያጎነብስ መሣሪያ ነው። አጫጅ በግራ እጁ እፍኝ ሙሉ አገዳ ጨብጦ፣ በቀኙ እየሳበ፣ ወገቡ ታጥፎ ይውላል። በየግድግዳው ሥዕል ላይ ግን ማጭድ የያዘው ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሩቅ እያየ ይቆማል። ማጭዱ አለ፤ አጨዳው የለም። ሠዓሊው የወገቡን መታጠፍ ቢሥለው ኖሮ ተመልካቹ ክብሩንም ድካሙንም ባየ ነበር።

በግጥሙም ረገድ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ስድስት በስድስት የሚመታው የወል ቤት ለውዳሴ የሚመች፣ ለጆሮም የሚጥም ምት ነው። ይኸው ምቾት ግን ወጥመድ ይሆናል። ገጣሚው «ላብ» ካለ «ግብ» ይመጣለታል፤ ቤቱ ይመታል፤ ማየት ሳያስፈልገው ስንኙ ይሞላል። ቀጥቃጩ ወናፍ እንደሚያናፋ፣ ሸማኔው እግሮቹን በጉድጓድ አድርጎ መወርወሪያ እንደሚልክ የማያውቅ ገጣሚም ሁለቱንም በእኩል «ጀግና» ብሎ ይጠራቸዋል። ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ቅጽል መጥራት ሁለቱንም አለማየት ነው።

ይህ ጉድለት ከዘመኑ ጋር አብሮ አልቀረም፤ ልብሱን ቀየረ እንጂ። ዛሬ ጀበና በማስታወቂያ ላይ፣ በሆቴል መግቢያ፣ በየአውሮፕላኑ መጽሔት ይታያል። ጥለት የለበሰች ሴት ቡና ስትቀዳ ሥዕሏ አገርን ይወክላል። ጀበናውን የሠራችው ሴት ግን በሥዕሉ የለችም። ጭቃውን ከየት እንደቆፈረች፣ እሳቱ ስንቱን እንደሰነጠቀባት፣ ከገበያ ምን ይዛ እንደተመለሰች አይጠየቅም። የቀድሞው ሥዕል ሠራተኛውን ወደ ዓርማ ለወጠው፤ የዛሬው ደግሞ የእጁን ሥራ ወደ ጌጥ ይለውጠዋል። ሁለቱም መደነቅን ይጠራሉ፤ ሁለቱም ከዕውቀት ያርቁታል። ችግርን በውበት መሸፈን ደግሞ ከመናቅ ብዙ አይለይም፤ የተናቀ ሰው ቢያንስ መናቁን ያውቃልና።

የእንጀራ ዓይን

ታዲያ መደነቅ የሚኮተኮተው እንዴት ነው? ለመልሱ እንደ እንጀራ የቀረበ ነገር የለም። አንዲት ግራም ጤፍ ከ2,500 እስከ 3,000 የሚደርሱ ቅንጣቶች ትይዛለች። ይህን ያህል ደቃቅ ዘር ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ተበራይቶ፣ ተነፍቶ፣ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በውሃ ተቦክቶ እርሾ ይገባበታል፤ ዓይን የማያያቸው ሕዋሳትም ቀናት ሙሉ ይሠሩበታል። ጋጋሪዋ ከሊጡ ጥቂት ቀንሳ ከውሃ ጋር አፍልታ አብሲት አድርጋ ትመልስበታለች። ምጣዱን በጎመን ዘር አስሳ ሊጡን ከዳር ወደ መካከል እያዞረች ስታፈስ፣ በሊጡ ውስጥ የታመቀው አየር በሙቀቱ እየተነፈሰ ይወጣል፤ የወጣበትም ቀዳዳ ሁሉ ዓይን ይባላል። አክንባሎው የሚከደነው ዓይኑ ከወጣ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢከደን ወይም ቢዘገይ እንጀራው ይበላሻል። ጋጋሪዋ ሰዓት አትይዝም፤ ልኩን የምታውቀው በማየት ነው።

ይህን የሚያውቅ ሰው በእንጀራ ያለው መደነቅ ካላወቀው ሰው አይቀንስም፤ እጥፍ ይሆናል። ምስጢር ሲገለጥ መደነቅ ይሞታል የሚለው አሳብ ሐሰት መሆኑን እያንዳንዱ ገበታ ይመሰክራል። ቀጥቃጩን ቡዳ ያደረገው አለማወቅ እንደ ነበር ሁሉ፣ ጋጋሪዋን ጠቢብ የሚያደርጋት ሥራዋን ማወቅ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላው ጥያቄ ይከተላል፤ ጭሱ ለዓይኗ ምን አደረገ? የሚለው። የእንጀራውን ዓይን ያየ ደራሲ የጋጋሪዋን ዓይን ሳያይ ብዕሩን ቢያኖር ሥራውን ከመካከል ጥሎ እንደሄደ ይቆጠራል።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት በአገሪቱ ባህል ውስጥ እንግዳ አይደለም። ልጆች ሲመሽ የሚጫወቱት እንቆቅልሽ ከዚህ የተለየ ነገር አያስተምርም። የእንቆቅልሽ መልስ አብዛኛውን ጊዜ በቤት ውስጥ ያለ፣ ሁሉ የሚያውቀው ተራ ነገር ነው፤ መርፌ፣ ወፍጮ፣ እንቁላል፣ ጥላ። ጠያቂው ስሙን ደብቆ መልኩንና ሥራውን ብቻ ሲናገር ያ ተራ ነገር እንግዳ ይሆናል። መላሹ ሲያቅተው የሚከፍለው ዋጋም ይታወቃል፤ «አገር ስጠኝ» ይባላል። መርፌን ያላወቀ ልጅ ጎንደርን ወይም ሐረርን ያስረክባል። በዚህ ጨዋታ ሕግ መሠረት በእጅ ያለች ትንሽ ዕቃ አለማወቅ የአገር ዋጋ አለው። እንቆቅልሽ መደነቅን ከዕውቀት ያልነጠለ የቃል ጥበብ ነው፤ ደራስያን በሰፊው የጻፉለትን ያህል ስልቱን በሥራቸው አልተጠቀሙበትም።

ስለዚህ ከባለ ብዕሩ፣ ከባለ ቡሩሹና ከባለ መድረኩ የሚጠበቀው አዲስ ቅጽል መፈለግ አይደለም። ስለ ሸማኔ የሚጽፍ ሰው ባዘቶውን፣ እንዝርቱን፣ ድሩንና ማጉን በስማቸው ይወቅ፤ አንድ ጋቢ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ሲሠራ ተቀምጦ ይመልከት። ስለ ቀጥቃጭ የሚጽፍ ሰው ዛሬ ማረሻ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ እንደሚወጣ ይወቅ፤ የጫነ መኪና ሲሸከም የኖረ ብረት መልሶ መሬት ሲያርስ በዚያ ውስጥ ስንት ተውኔት እንዳለ ያስብ። ሥራው ለሠሪው ምን እንደሚሰጠው፣ ምን እንደሚወስድበትም ሠሪውን ራሱን ይጠይቅ። ሠሪውም ቢሆን ከልማድ ነፃ አይደለም፤ ለሺኛ ጊዜ የሚጥለው ጥለት በሌላ ሰው ዓይን ሲታይ አይቶ የራሱን እጅ እንደገና ሊያይ ይችላል። ይህም ኪነ ጥበብ ለሥራ ሰው ሊሰጠው ከሚችለው ስጦታ ሁሉ ትልቁ ነው።

ጠቢብና ጠይብ አንድ ቃል ነበሩ። የለያያቸው ሳያውቁ መደነቅ ነው። ዛሬ ጠይብ የሚለው ስድብ ከብዙ አፍ እየጠፋ ሄዷል፤ ነገር ግን ስድቡ የጠፋው ሥራው ስለታወቀ ነው ወይስ ሥራው ራሱ ከዓይን ስለራቀ? የፋብሪካው ሳህን ሸክላውን፣ የገበያው ጨርቅ ሸማውን እየተካ በሄደ ቁጥር ጥያቄው ይከብዳል። በወለቃና በሽሮ ሜዳ፣ በየገጠሩ የብረት ጎጆ ውስጥ መልሱን የሚያውቁ እጆች አሁንም በሥራ ላይ ናቸው። ቀርቦ የሚያያቸው ዓይን ይፈልጋሉ።